«ጎን ለጎን ጠመንጃ አብቅቶለታል» ላልከው ወንድሜ፣ ነጥብ በነጥብ

ጽሑፍህ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፣ እኔም ጋ ደረሰ፣ ሶስት ሰው ነው የላከልኝ፣ አንዱ ጭራሽ «መልስ ካለህ ወዲህ በል» ብሎ። እሺ ወዲህ ልበል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። ወንድማችን የሚያወራው ስለ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው፣ ሾትገን፣ አንዱ ጥይቱ ብዙ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ የሚበትነው። ሁለት አይነት አለ፣ አንዱ አፈሙዞቹ ጎን ለጎን የተጋደሙበት፣ ሌላው አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበበት፣ ሁለተኛውን እዚህ ላይና ታች እያልኩ እጽፋለሁ። እና እንደሱ አባባል ጎን ለጎኑ የአያት ጠመንጃ ነው፣ ለማለም ያስቸግራል፣ ትከሻ ይራገጣል፣ ሁለት ቃታው ያደናግራል፣ ሲጎርስም ምንም ብልጫ የለውም፣ ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ አይመቱም፣ ይፈነዳል፣ ውድ ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ አንድም ሰው አይዘውም፣ ስለዚህ ያለው ሰው ሸጦ ላይና ታች ይግዛ። ይሄው ነው ጽሑፉ።

አጻጻፍህ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ከላይ እስከታች አንድ ነገር ተከትሎሃል፣ ጎን ለጎን ላይ ያየኸውን ጥፋት በሙሉ አቀማመጡ ያመጣው አድርገህ ነው የቆጠርከው። ግማሹ እኮ የቃታ ጉዳይ ነው፣ የቀረው የክብደት፣ የጥይት፣ የሰደፍ ልክ፣ የእድሜ። አቀማመጡ ራሱ የሚያመጣው ልዩነት አለ ግን ካልከው ያንሳል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ለጎን ለጎኑ ነው የሚያደላው።

እኔ ብሔራዊ አካባቢ ካለ ቢሮ ሆኜ ለአደን የሚመጡ እንግዶችን የመሳሪያ ወረቀት ስጨርስ አመታት ቆይቻለሁ፣ ቁጥር ለማመሳከር ሳጥኑ ሲከፈት ቆሜ ነው የማየው። ከዛ ውጪ ሰራተኛ ሰፈር ያደገ አጎት አለኝ፣ ፈቃድ ያለው የስፔን ጎን ለጎን አላቸው፣ እሳቸው ጋ ደግሞ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። (አመተ ምህረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

አንደኛ «የአያት ጠመንጃ፣ ያረጀ ቴክኖሎጂ»። አፈሙዝ መደራረብ አዲስ ግኝት አይደለም፣ በባልጩት ድንጋይ እሳት በሚተኮስበት ዘመንም ላይና ታች ጠመንጃና ሽጉጥ ይሰራ ነበር። በዘመናዊ መልኩ ለንደን ላይ ቦስ የሚባለው ጠመንጃ ሰሪ ቤት በ1909 ሰራው፣ ውድዋርድ በ1913 ተከተለ። ብዙሃኑ ጋ ያደረሰው ጆን ብራውኒንግ ነው፣ ሰውየው በ1926 ቤልጂየም ኤርስታል ኤፍ ኤን ፋብሪካ ውስጥ ስራ ላይ እንዳለ ሞተ፣ ልጁ ቫል ቀጠለው፣ ሱፐርፖዝድ የሚባለው ጠመንጃ በ1931 ገበያ ወጣ። እና በዛው 1931 ዊንቸስተር ምን አወጣ መሰለህ? ሞዴል 21ን፣ ጎን ለጎን! አንተ አዲስና አሮጌ ብለህ የለየሃቸው ሁለቱ እኩዮች ናቸው። በርግጥ ጎን ለጎን እንደ አይነት ይቀድማል፣ ለንደን ላይ ጆሴፍ ማንተን የሚባለው ባለሙያ 1800 አካባቢ መልክ አስይዞታል፣ የውስጥ ስራውን ደግሞ በ1875 አንሰንና ዲሊ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በርሚንግሃም ዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት ውስጥ አቅልለውት ያ አሰራር እስከ ዛሬ ይሰራል፣ መቶ ሃምሳ አመት የሰራ ነገር ያረጀ ነው ወይስ የተፈተነ፣ ፍርዱን ላንተ ልተወው። ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ስለፈረሰ ያረጀ ሁሉ ይፍረስ የሚል ነገር የገባብን ይመስለኛል አንዳንዴ።

ሁለተኛ «አንድ አፈሙዝ ብቻ ስለሚታይ ለማለም ይቀላል»። ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ላይና ታችን ስታነሳው ዓይንህ ፊት ያለው አንድ ቀጭን መስመር ነው፣ ከጠብመንጃ (ራይፍሉን፣ በአንድ ተኩስ አንድ እርሳስ ብቻ የሚወረውረውን ማለቴ ነው) አላሚነት ለመጣ ሰው፣ ክላሽ ወይ ምንሽር ይዞ ላደገ፣ ይሄ ወዲያው ይስማማዋል። ጎን ለጎኑ ሰፋ ያለ ነገር ነው የሚያሳይህ። ግን ወንድሜ ሾትገን በዛ መንገድ አይታለምም። የሚበር ወፍ ላይ ዓይን ወፉ ላይ ነው የሚተከለው፣ አፈሙዙን በዓይንህ ዳር ነው የምታየው፣ አፈሙዙን ቁልቁል እያየህ መስመሩን ልታስተካክል የቆምክ ቀን እጅህም ይቆማል ጥይቱም ከወፉ ኋላ ይቀራል። ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሰደፉ ነው፣ ርዝመቱ፣ ወደታች የዘቀጠበት ልክ፣ ወደ ጎን ያጋደለበት ልክ። ጥሩ ቤቶች ሰውየውን አቁመው እንደ ሱፍ ልብስ ልኩን የሚወስዱት ለዚህ ነው። ልክህ የሆነ ጎን ለጎን፣ ልክህ ካልሆነ ላይና ታች በተሻለ ይመታልሃል፣ ተገላቢጦሹም ያው ነው። አንተ ስትሞክር የሰው ጠመንጃ ተውሰህ እንደሆነ ከጽሑፍህ ይታወቃል፣ «ጉንጬን መታኝ» ያልከው እኮ የሰደፍ ነገር ነው፣ አፈሙዝ ጉንጭ አይመታም።

ሶስተኛ «እርግጫ»። እዚህ ጋ ቁጥር እንጠቀም። ላይና ታች ጠመንጃ መጀመሪያ የሚተኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ታችኛውን አፈሙዝ ነው፣ እሱ ወደ ትከሻ መስመር ቀረብ ስለሚል አፍንጫው ብዙ ወደላይ አይዘልም፣ ጎን ለጎኑ ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን ይገፋል። እውነት ነው፣ ይሄን ይዘህ ቀጥል። ግን ትከሻህን የሚያሳምመው ይሄ አይደለም። 28 ግራም እርሳስ በሰከንድ 400 ሜትር ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝና መሸፈኛውን ለጊዜው ተወውና፣ 3 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ወደ 21 ጁል ያህል ይራገጣል። ያው ጥይት 3.6 ኪሎ በሆነ ጠመንጃ ወደ 17 ጁል ይወርዳል። አሁን ደግሞ ቀላሉን 3 ኪሎውን ያዝና በ24 ግራም ጥይት ተኩስ፣ 15 ጁል። አየህ? ከሱቅ የምትመርጠው የጥይት ፓኬት ከአቀማመጡ የበለጠ ሰራ። ጎን ለጎን የሚራገጠው ጎን ለጎን ስለሆነ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ እንዲያዝ ቀለል ተደርጎ ስለሚሰራ ነው፣ ላይና ታቹ ከብዶ የሚሰራው ደግሞ ቆሞ መቶ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ነው። ዳገት ለዳገት ቆቅ ስትከተል ከቀትር በኋላ ያቺ 600 ግራም ትናገርሃለች።

አራተኛ «ሁለት ቃታ ያደናግራል»። ይሄ ነጥብ ላይ ነው በጣም የማልስማማው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ነገር ሁለት ቃታ ማለት ጎን ለጎን ማለት አይደለም። ቅድም ያልኩህ ሞዴል 21 ባለ አንድ ቃታ ሆኖ ይሸጥ ነበር፣ ባለ ሁለት ቃታ ላይና ታች ደግሞ ጀርመንና ኦስትሪያ በብዛት ሰርተዋል። ስለዚህ ነጥቡ ከርዕስህ ውጪ ነው። ግን ውጪ ቢሆንም ስህተት ነው።

አፈሙዝ ጫፉ ላይ በትንሹ ይጠባል፣ ቾክ ይሉታል፣ እርሳሱ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ምንም ያልጠበበው ሲሊንደር የሚባለው በ40 ያርድ፣ ወደ 36 ሜትር በለው፣ 76 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉን ፍሬ ያሳርፋል፣ ሙሉ ቾክ የሚባለው 70 በመቶ። ባለ ሁለት አፈሙዝ የሚገዛው ለምንድነው ታዲያ፣ ሁለቱ የተለያየ ቾክ ስላላቸው እኮ ነው። የፊተኛው ቃታ ቀኙን ይተኩሳል፣ ሰፋ የሚያደርገውን፣ የኋለኛው ግራውን፣ ሰብሰብ የሚያደርገውን። ቆቅ ከእግርህ ስር ብድግ ስትል የፊቱን ትስባለህ፣ ስትርቅ ጣትህ ሸርተት ብሎ የኋላውን። ጅግራ ደግሞ ከሩቅ ወዳንተ እየመጣ ከሆነ ተገላቢጦሽ፣ መጀመሪያ የኋላውን። ምርጫው ጣትህ ላይ ነው፣ ማሰቢያ ጊዜ አይፈልግም።

ባለ አንድ ቃታው ላይ አፈሙዝ ለመቀየር አውራ ጣትህ መቆለፊያው ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ መግፋት አለባት። እስቲ ወፍ ተነስቶ እያለ ያንን የሚያደርግ ሰው አሳየኝ። አንዱ አፈሙዝ ላይ አድርጎ ጠዋት ያስተካክላትና እስከ ማታ አይነካትም፣ ሁሉም እንደዛ ነው። ሌላ ደግሞ ያልጠቀስከው ነገር አለ። ብዙዎቹ ባለ አንድ ቃታዎች ወደ ሁለተኛው አፈሙዝ የሚሸጋገሩት በመጀመሪያው ጥይት እርግጫ ነው። የመጀመሪያው ጥይት ከከሸፈ እርግጫ የለም፣ እርግጫ ከሌለ ሽግግር የለም፣ ቃታውን ደግመህ ብትስበው ምንም። ጥይት ቁምሳጥን ውስጥ አመታት በሚቀመጥበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ባለ ሁለት ቃታው ግን ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማሽኖች አንድ እንጨት ላይ ተቀምጠው ማለት ነው፣ አንዱ ቢሰናከል ሌላው ምን አገባው።

አጎቴ የሚሉት ነገር አለ፣ ጋሼ ለምን ባለ አንዱን አልገዙም ብዬ ስጠይቃቸው «ሁለት አፍ ላለው ሁለት ጣት ነው እንጂ» ብለው ሳቁ። የሳቸው ኤይባር ከምትባለው የስፔን የጠመንጃ ከተማ የተሰራ 12 ጌጅ ነው (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)። ሲያጸዱት ማየት ደስ ይላል፣ መጀመሪያ ከመሃል አጥፈው ባዶ መሆኑን ለሚያየው ሁሉ ያሳያሉ፣ ከዛ የፊት እንጨቱን በአውራ ጣት ቀጨም አድርገው ያወልቁታል፣ አፈሙዞቹ ከሰደፉ ይለያሉ፣ ሶስት ቁራጭ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ነው፣ ጠብታ ብቻ፣ ጨርቁ የድሮ ጋቢ ቅዳጅ። የፊተኛው ቃታ ከኋለኛው በትንሹ ቀለል ብሎ እንደሚሳብ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ በባዶ አይደለም፣ የሞተ ቀለህ አግብተውበት፣ መቺው መርፌ ብረት ላይ ባዶውን እንዳይመታ።

አምስተኛ «አጎራረሱ ላይ ልዩነት የለም»። አለ እንጂ፣ ያውም ይሄኛው ንጹህ የአቀማመጥ ልዩነት ነው፣ ለጎን ለጎኑ የሚያደላ። ጎን ለጎኑን ስታጥፈው ሁለቱም ቀዳዳ እኩል ከፍታ ላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል፣ ትንሽ ከተከፈተ በቂ ነው፣ ሁለት ጥይት በሁለት ጣት መሃል ይዘህ አንዴ ትጥላቸዋለህ። ላይና ታቹ ላይ የታችኛው ቀዳዳ በግራና ቀኝ ባለው ብረት መሃል ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል፣ እሱ ነጻ እንዲወጣ አፈሙዙ በጣም ወደታች መውረድ አለበት፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይ ጀልባ ላይ ቁጭ ካልክ ይሄ ያናድዳል። ለጎሽና ለዝሆን የሚሆኑት ባለ ሁለት አፈሙዝ ትልልቅ ጠብመንጃዎች፣ 32 ግራም ጥይት የሚወረውረውን 470 ናይትሮ ኤክስፕረስ አይነቱን ማለቴ ነው፣ በጣም አብዛኞቹ ጎን ለጎን የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጎሽ ቁስሉን ይዞ እየመጣ እያለ ማንም ጠመንጃውን እስከ ጉልበቱ ማጠፍ አይፈልግም። ጀርመኖችና ፊንላንዶች ላይና ታች አድርገው የሰሩት ጠብመንጃ አለ፣ ይኑር፣ ግን የአፍሪካ አዳኝ ባህል ወዴት እንዳደላ ግልጽ ነው።

ስድስተኛ «ሁለቱ አንድ ቦታ አይመቱም»። ጎን ለጎኑን ሲሰሩት አፈሙዞቹን ትይዩ አድርገው አይበይዷቸውም፣ ጫፋቸው በትንሹ ይጠጋጋል። ለምን መሰለህ፣ ቀኙ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ግራው ሲተኮስ ወደ ግራ፣ ያንን የሚያካክስ ማዘንበል ነው። ላይና ታቹም ላይ ያው ስራ አለ፣ ቁልቁል ሆኖ እንጂ። በሁለቱም ላይ በደንብ ካልተሰራ ይስታል። ለጠብመንጃ ሲሆን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ባለሙያው እየተኮሰ እያቀለጠ እየበየደ ቀናት ይፈጅበታል። ሾትገን ግን 36 ሜትር ላይ ፍሬው ወደ አንድ ሜትር ተበትኖ፣ ሁለቱ ክብ በአምስት ሳንቲሜትር ቢለያዩ የሚያመልጥ ወፍ የለም። ይሄን ነጥብ የጻፍከው ለመሙላት ነው።

ሰባተኛ «ይፈነዳል»። እዚህ ጋ ያነሳኸው ፍርሃት ልክ ነው፣ ምክንያቱን ነው የሳትከው፣ እና ሰው ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። የሚፈነዳው አሮጌ ጠመንጃ ነው፣ አሮጌ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ሆኖ ይገኛል፣ ያ ነው ያደናገረህ። ድሮ አፈሙዝ የሚሰራው ብረትና አረብ ብረት ተጎንጉኖ በእሳት እየተቀጠቀጠ ነበር፣ ደማስቆ ይሉታል፣ ላዩ ላይ እንደ ጥለት ያለ ነገር ይታያል፣ ያምራል፣ ግን በጥቁር ባሩድ ጊዜ ነው የተሰራው፣ ያሁኑን ጥይት ግፊት ይችላል ብሎ መገመት እጅን መቁረጫ ነው። እንዴት ይታወቃል፣ የፊት እንጨቱን አውልቀህ አፈሙዙን ገልብጠህ ታየዋለህ፣ ጥይት የሚጎርስበት ጫፍ ስር የፍተሻ ማህተሞች አሉ። የለንደኑ መፈተሻ ቤት ከ1637 ጀምሮ አለ፣ የበርሚንግሃሙ ከ1813፣ የሊዬዡ ከ1672። በጭስ አልባ ባሩድ መፈተሹን የሚያሳይ ምልክት ከሌለው ግድግዳ ላይ ስቀለው።

ሁለተኛው ነገር የቀዳዳው ርዝመት ነው። የድሮ የእንግሊዝ 12 ጌጆች ብዙዎቹ 65 ሚሊሜትር ናቸው፣ ያሁኑ መደበኛ ጥይት 70። ተንኮሉ ምን መሰለህ፣ 70 የሚባለው ተተኩሶ አፉ ከተከፈተ በኋላ ነው፣ ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ ስላለ ያጥራል፣ ስለዚህ 65ቱ ውስጥ ምንም ሳይከብደው ቁጭ ይላል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል። ስትተኩስ ግን አፉ ሲዘረጋ ቦታ የለውም፣ ወደ ጠባቡ ይገባል፣ ግፊቱ ይወጣል። «ገብቷል እኮ» ማለት መልስ አይደለም።

ሶስተኛ፣ ይሄኛው አዲስም አሮጌም አይለይም፣ 20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ከገባ ሾልኮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ግን አይወጣም፣ ጠርዙ ይይዘውና እዛው ይቀራል። ከኋላ ሲታይ ባዶ ይመስላል፣ ሰውየው «አላጎረስኩም ለካ» ብሎ 12ቱን ይጨምርበታል። ከዛ በኋላ የሚሆነውን አልነግርህም። 20 ጌጅ ጥይት ባብዛኛው ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ኪስ የሚይዝ ሰው አጠገብ አትቁም። ይሄ ሁሉ ታዲያ ከጎን ለጎንነት ጋር ምን አገናኘው?

ስምንተኛ ዋጋ። ልክ ነህ፣ ዛሬ አዲስ የፋብሪካ ጠመንጃ ለሚገዛ ሰው ላይና ታቹ ይረክሳል፣ ምርጫውም እሱ ላይ ነው ያለው፣ ቤሬታ በብዛት ይሰራዋል፣ ጃፓን ሚሮኩ ለብራውኒንግ ሲቶሪን ከ1973 ጀምሮ ይሰራል፣ ብዛት ዋጋ ያወርዳል። ለንደን ስትሄድ ግን ይገለበጣል፣ ከትልልቆቹ ቤቶች ላይና ታቹ ከጎን ለጎኑ ይወደዳል፣ ለመስራት ስለሚከብድ። ያገለገለ የእንግሊዝ ጎን ለጎን ደግሞ እዛው እንግሊዝ ውስጥ በጥቂት መቶ ፓውንድ ይገኛል። ውድ የሚለው ቃል የትኛውን ገበያ ይዞ እንደሆነ ብትነግረን።

ዘጠነኛ ኦሎምፒክ። እዚህ ጋ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነህ፣ ጎን ለጎን ይዞ የሚቀርብ የለም፣ እኔም ብወዳደር ላይና ታች ነው የምይዘው። ግን ለምን እንደሆነ እንይ። የሸክላ ዒላማ 110 ሚሊሜትር ስፋት ያላት፣ 105 ግራም የምትመዝን ሳህን ናት፣ ትራፕ የሚባለው ውድድር ላይ ከጉድጓድ ውስጥ ካሉ 15 መወርወሪያዎች ትወጣለች፣ ተወዳዳሪው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነው «ፑል» የሚለው፣ ጥይቱ ከ24 ግራም አይበልጥም፣ በአንድ ዙር 25 ዒላማ፣ ማጣሪያው ሲያልቅ 125። በዚህ ሁሉ ላይና ታቹ ንጉስ ነው። ከባድ ስለሆነ አይወዛወዝም፣ ጠባቡ መስመር ይረዳል፣ የፊት እንጨቱ እጅን ከጋለው ብረት ይከላከላል፣ ጎን ለጎኑ ላይ ያቺ ቀጭን እንጨት እጅህን ግማሽ አፈሙዙ ላይ ነው የምታስቀምጠው፣ ሃምሳኛው ጥይት ላይ የቆዳ መያዣ ካላጠለቅክ ይለበልብሃል። የጣሊያን ጠመንጃ ሰሪዎቹ ፔራዚ በተለይ ለሜክሲኮ 1968 ብለው ኤም ኤክስ 8ን የሰሩት ለዚህ ነው፣ ስሙም ከዛ ነው። በቃ፣ ለዚህ ተብሎ የተሰራ መሳሪያ ለዚህ ይበልጣል። ግን ዳገት ላይ ጠመንጃው የሚያዘው ክንድ ላይ ታጥፎ ነው፣ ወፉም «ፑል» ሲባል አይደለም የሚነሳው። የአንዱን ውጤት አምጥተህ ሌላው ላይ መፍረድህ ነው ጽሑፍህን ከመጀመሪያው ያጣመመው።

የመጨረሻዋ መስመርህ «ያላችሁ ሸጣችሁ ላይና ታች ግዙ፣ ከውጭም በዘመድ ማስመጣት ይቻላል» ትላለች። ወንድሜ ይቺን እንደቀልድ ጽፈሃት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን የምሩን ይወስዳታል። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄ የኛ አመተ ምህረት ነው) አለ። ማስገባት፣ መያዝ፣ መሸጥ ሁሉም በፈቃድ ነው፣ የአደን ጠመንጃ ነው ብሎ ነገር አያስመልጥም። ከውጭ የሚመጡት አዳኞች እንኳን እንዲሁ አይገቡም፣ ቦሌ ላይ የያንዳንዱ ጠመንጃ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፣ ሲወጡም እንደገና፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሳጥኑ እዛው ይቆያል፣ ይሄን ቆሜ ያየሁት ነው። አጎቴ ፈቃዳቸውን ከጠመንጃው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ ለልጃቸው ላውርሰው ቢሉ እንኳን ወረቀቱ መጀመሪያ ይሄዳል፣ ጠመንጃው በኋላ። ጎረቤት ለጎረቤት ተሸጦ የሚገዛ እቃ አይደለም።

በቀረው ላይ እንከራከር፣ ቡና ግብዣው በኔ፣ ፒያሳ ያለህበት ንገረኝ እመጣለሁ። ያቺን መስመር ግን ዛሬውኑ አውጣት።